አንድ ሕግ፣ ሁለት ፍርድ፦ የመተግበሪያ መደብሮች ምርመራ ለምን ይዋዥቃል?

በእጅ ስልካችን የምንገለገልበት ፕሮግራም፣ በተለምዶ መተግበሪያ ወይም አፕ የምንለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት በአንድ በር ያልፋል። የአፕል ኩባንያ አፕ ስቶር የተባለውን መደብሩን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ከፈተ። ጉግልም በዚያው ዓመት የአንድሮይድን ገበያ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ስሙን ጉግል ፕሌይ ብሎ ለወጠው። በእነዚህ በሮች ላይ የቆሙ መርማሪዎች አንዱን ያሳልፋሉ፣ ሌላውን ይመልሳሉ። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንሥቶ የሚያሰሙት ቅሬታ ግን መመለሳቸው ብቻ አይደለም። ዛሬ የተከለከለው ነገ መፈቀዱ፣ ለአንዱ የተፈቀደው ለሌላው መከልከሉ ይበልጥ ያስመርራቸዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን መዋዠቅ ነው። ምክንያቱን በተንኮል ወይም በአድልዎ ብቻ የሚያስረዱ ብዙዎች ናቸው። ተንኮልም አድልዎም ሊኖሩ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ማንም ክፉ ሳያስብ እንኳ ምርመራው ሊዋዥቅ እንደሚችል፣ የመዋዠቁም ዕዳ ከሁሉ በፊት አቅም በሌለው ላይ እንደሚወድቅ በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል።

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር። በአርሲ ነገሌ የምትኖር አንዲት ተማሪ የከተማዋን የገበያ ዋጋ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚያሳይ መተግበሪያ ሠራች እንበል። የስንዴ፣ የገብስ፣ የበቆሎና የድንች ዋጋ በየገበያው ቀን ይመዘገብበታል። አርሲ ነገሌ በየቤቱ በሚወጣው አረቄዋ የታወቀች ከተማ ናትና የአረቄ ዋጋም ከዝርዝሩ አልቀረም። የአፕል መመሪያ ከመጠን ያለፈ አልኮል መጠጣትን የሚያበረታቱ መተግበሪያዎችን ይከለክላል፤ የጉግልም መመሪያ ኃላፊነት የጎደለው የአልኮል አጠቃቀምን ማበረታታት አይፈቅድም። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ ዋጋ መዘርዘር ማበረታታት ነውን? አንዱ መርማሪ “የገበያ መረጃ ነው” ብሎ ያሳልፈዋል፤ ሌላው “የመጠጥ ማስታወቂያ ነው” ብሎ ይመልሰዋል። መመሪያው አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን ሁለት ሆነ።

በሩ እንዴት ይዘጋል?

በቅድሚያ በሩ ራሱ በምን እንደሚሠራ እንመልከት። ማንኛውም ፕሮግራም በመጨረሻ የ0 እና የ1 ረጅም ሰንሰለት ነው። ይህ ሰንሰለት ሻ-256 በሚባለው የሒሳብ ቀመር ውስጥ ሲገባ 256 ቢት ርዝመት ያለው የጣት አሻራ የሚመስል ቁጥር ይወጣል። ከፕሮግራሙ አንዲት ቢት ብቻ ብትለወጥ ከአሻራው ቢቶች ግማሽ ያህሉ ይለወጣሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙን ነካክቶ አሻራውን እንደነበረ ማቆየት በተግባር አይቻልም። ይህ አሻራ በሚስጥራዊ ቁልፍ ይፈረማል፤ ስልኩ ደግሞ ፊርማውን በይፋ በታወቀው ተጓዳኝ ቁልፍ ያረጋግጣል። ሚስጥራዊው ቁልፍ ያለው ብቻ መፈረም ይችላል፤ ይፋው ቁልፍ ያለው ሁሉ ግን ማረጋገጥ ይችላል።

የአይፎን ስልክ ሲሠራ ጀምሮ አፕል ያላወቀውን ፊርማ እንዳይቀበል ተደርጓል። አንድሮይድ በዚህ ረገድ ላላ ያለ ነው፤ ባለቤቱ ከፈቀደ ከመደብሩ ውጪ የመጣ ፕሮግራምም ይጫናል። በከተሞቻችን መተግበሪያዎች ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከሞባይል ቤትም በሚሞሪ ካርድ የሚተላለፉት በዚህ ምክንያት ነው። ይህም ቢሆን እየጠበበ ሄዷል። ጉግል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ባወጣው መግለጫ ከመደብሩ ውጪ የሚጫኑ መተግበሪያዎችም ማንነታቸው ከተረጋገጠ ጸሐፊዎች እንዲመጡ ደረጃ በደረጃ እንደሚጠይቅ አስታውቋል።

ለበሩ መኖር በቂ ምክንያት አለ። የባንክ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ፣ የሰው ፎቶግራፍና መልእክት የሚቀዳ ፕሮግራም ብዙ ነው። ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ፕሮግራም ውስጥ ማን ምን እንደጨመረበት ተራ ተጠቃሚ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ክርክሩ በሩ ይኑር ወይስ ይፍረስ የሚል አይደለም። አንድ ፕሮግራም ሌባ መሆን አለመሆኑን መመርመርና በውስጡ ያለው ሐሳብ፣ ሥዕል ወይም ዜና ተገቢ መሆን አለመሆኑን መመርመር በአንድ በር ላይ መደባለቃቸው ነው ችግሩ። የመጀመሪያው በአመዛኙ በመሣሪያ ይለካል፤ ሁለተኛው በሰው ስሜት ይገመታል።

ምርመራ እንደ መለኪያ

ከአርሲ ነገሌ አረቄ ሳንርቅ የመለካትን ነገር እናብራራ። አረቄ በተለምዶ ተራና ዳግም ተብሎ ይለያል፤ ዳግም የሚባለው ሁለተኛ ጊዜ የወጣው ብርቱው ነው። አንዱን ጠርሙስ ለሁለት ቀማሾች ብንሰጥ አንዱ “ዳግም ነው”፣ ሌላው “ተራ ነው” ሊሉ ይችላሉ። ሁለቱም ሐቀኞች ናቸው፤ ነገር ግን ቀድሞ የቀመሱት፣ የበሉት፣ ድካማቸውም ጭምር ፍርዳቸውን ይነካዋል። ያንኑ ፈሳሽ በሃይድሮሜትር ብንለካው ግን ሁኔታው ይለወጣል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የውሃ እፍጋት በኩቢክ ሴንቲ ሜትር 1 ግራም ገደማ ሲሆን የንጹሕ ኢታኖል 0.789 ግራም ነው። አልኮሉ በበዛ ቁጥር መሣሪያው ይበልጥ ይሰምጣል። አሥር ሰዎች ቢያነቡት የንባባቸው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው።

በቤተ ሙከራ ትምህርት ሁለት ዓይነት ስሕተቶችን እንለያለን። ሥርዓታዊ ስሕተት ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል፤ ምንጊዜም 50 ግራም ጨምሮ የሚያሳይ ሚዛን ምሳሌው ነው። የዘፈቀደ ስሕተት ደግሞ አንድ ጊዜ ከፍ፣ ሌላ ጊዜ ዝቅ ያደርጋል። ወደ ምርመራው ስንመልሰው፣ ከመጠን በላይ ጥብቅ የሆነ መርማሪ ሥርዓታዊ ስሕተት አለበት፤ ዛሬና ነገ የተለያየ ፍርድ የሚሰጥ ግን የዘፈቀደ። ሥርዓታዊውን አውቀን ልንጠነቀቀው፣ ልንከራከረውም እንችላለን፤ 50 ግራም የሚጨምረውን ሚዛን ያወቀ ገዢ 50 ግራም ይቀንሳል። ከዘፈቀደው ጋር ግን መከራከር አይቻልም፤ የቆመበት ቦታ የለውምና።

የመዋዠቁ የመጀመሪያ ምንጭ የቃላት አለመጥራት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 መመሪያውን ይፋ ሲያደርግ ከልክ ያለፈ ይዘትን እንደማያሳልፍ ገልጾ፣ ልኩ የት እንደሆነ ግን በቁጥር ወይም በምሳሌ ሳይወስን ሲታይ የሚታወቅ ነገር አድርጎ አልፎታል። ይህ ዓይነቱ አጻጻፍ የኩባንያዎች ብቻ አይደለም። በአገራችን በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትንም ማግኘትንም ወንጀል አደረገ። ስካይፕን የሚጠቀም ተማሪ “አገልግሎት አገኘ” ይባላልን? ጥያቄው በአገር ውስጥም በውጭም ከተነሣ በኋላ ባለ ሥልጣናት የግል አጠቃቀም እንዳልታሰበ አስረዱ። ማብራሪያው መልካም ነበር፤ ነገር ግን የሕጉ ቃል ራሱ ቢናገር ኖሮ ማብራሪያው ባላስፈለገ ነበር።

የታወቁ ጉዳዮች

ማርክ ፊዮሬ የተባለ አሜሪካዊ ካርቱን ሠሪ የፖለቲካ ቀልዶቹን የያዘ መተግበሪያ ለአፕል አቅርቦ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 ተመለሰበት፤ ምክንያቱም በታወቁ ሰዎች ላይ ያፌዛል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 ፊዮሬ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ነገሩ በጋዜጦች ሲወራ አፕል ማመልከቻውን እንደገና እንዲያቀርብ ጋበዘው፤ መተግበሪያውም አለፈ። የተለወጠው የሠሪው ዝና እንጂ ሥራው አልነበረም። በዚያው ዓመት የወጣው መመሪያ ሙያተኛ የፖለቲካ ቀልደኞችን ከክልከላው ነጻ አደረገ። ሙያተኛ ያልሆነው፣ ለምሳሌ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ከዚህ ነጻነት ውጪ ቀረ።

ሁለተኛው ጉዳይ የጆሽ ቤግሊ ነው። የሠራው መተግበሪያ የአሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ድብደባ በዜና በተዘገበ ቁጥር ለባለ ስልኩ የሚያሳውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደጋግሞ ተመለሰ፤ በየጊዜው የተሰጠው ምክንያት ግን የተለያየ ነበር። አንድ ጊዜ በቂ ጥቅም የለውም ተባለ፤ ሌላ ጊዜ ይዘቱ አስጸያፊ ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ሜታዳታ ፕላስ በሚል ስም ተፈቀደ፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ደግሞ ተነሣ። አንድ ዓይነት ሥራ ተከለከለ፣ ተፈቀደ፣ ዳግመኛ ተከለከለ።

የተፈቀደን መልሶ መንጠቅ ለኢትዮጵያ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ያለ ቅድሚያ ምርመራ መጽሐፍ በማይታተምበት በደርግ ዘመን የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ለሽያጭ ከቀረበ በኋላ ከመደብሮች ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። በክብደት ረገድ የአንድ መተግበሪያ መመለስ ከዚህ ጋር ሊነጻጸር አይችልም። የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፦ የተሰጠ ፈቃድ ዋስትና አለመሆኑ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ከልክሏል። ይህ ክልከላ በዋነኛነት መንግሥትን የሚያስር ነው፤ በሌላ አገር ያለ ኩባንያ በገዛ መደብሩ ላይ የሚያደርገውን ምርመራ ግን አይደርስበትም።

ቁጥሮች ምን ይላሉ?

አፕል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2009 ለአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በሰጠው መልስ ከ40 በላይ የሙሉ ጊዜ መርማሪዎች እንዳሉት፣ እያንዳንዱን መተግበሪያ ቢያንስ ሁለት ሰዎች እንደሚያዩት፣ በሳምንት 8,500 ያህል አዲስና የታደሱ መተግበሪያዎች እንደሚቀርቡለት፣ ከእነዚህም 20 በመቶ ያህሉ በቀረቡበት መልክ እንደማይፈቀዱ ገልጾ ነበር። ከዚህ ተነሥተን እናስላ። 8,500 በ2 ሲባዛ 17,000 ምርመራ ይሆናል፤ ለ40 ሰዎች ሲከፋፈል ለአንድ ሰው በሳምንት 425 ይደርሰዋል። ሳምንቱን 40 የሥራ ሰዓት፣ ማለትም 2,400 ደቂቃ ብንወስድ ለአንድ ምርመራ የሚተርፈው ከ6 ደቂቃ በታች ነው። የወራት ድካም በስድስት ደቂቃ ይፈረድበታል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መርማሪውም ተመርማሪውም በዝቷል፤ ኩባንያው ስለ እ.ኤ.አ. 2022 ባወጣው ዘገባ 6.1 ሚሊዮን ገደማ ማመልከቻዎች ተመርምረው 1.68 ሚሊዮን ያህሉ፣ ከአራት አንድ በላይ፣ ተመልሰዋል።

አሁን ደግሞ እጅግ ጎበዝ መርማሪ አለን እንበል። ከ1,000 መተግበሪያዎች 20ዎቹ በእርግጥ ጎጂ ናቸው። መርማሪያችን ከጎጂዎቹ 95 በመቶውን ይይዛል፤ ከደኅናዎቹ 5 በመቶውን ብቻ በስሕተት ይመልሳል። ከ20ዎቹ 19ኙን ያዘ፤ ከ980ዎቹ ደኅናዎች ደግሞ 49ኙን መለሰ። በጠቅላላው 68 ተመለሱ፤ ከእነዚህ ውስጥ 49ኙ፣ 72 በመቶው ማለት ነው፣ ጥፋት የሌለባቸው ናቸው። ጎጂው ጥቂት፣ ደኅናው ብዙ በሆነበት ቦታ ትንሽ የስሕተት መጠን እንኳ ከተያዙት መካከል ንጹሑን ያበዛዋል። መርማሪው እጁን ላላ ቢያደርግ ንጹሐን ይድናሉ፤ ጎጂዎችም አብረው ያልፋሉ። በሁለቱ ስሕተቶች መካከል ካለው ምርጫ ማንም አያመልጥም።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የሚከተለው ነው። አንድ መተግበሪያ በአንድ መርማሪ የመመለስ ዕድሉ መ ቢሆን፣ ሁለት መርማሪዎች ለየብቻቸው ሲያዩት በፍርድ የመለያየት ዕድላቸው 2 ሲባዛ በመ ሲባዛ በ(1 ሲቀነስ መ) ነው። ግልጽ ለሆነ ጉዳይ፣ መ 0.05 ሲሆን፣ የመለያየት ዕድሉ ከአሥር አንድ አይሞላም። እንደ አረቄው ዋጋ ላለ የሚያጠራጥር ጉዳይ ግን መ 0.5 ይሆንና ሁለቱ መርማሪዎች በግማሹ ጊዜ ይለያያሉ። ያንኑ መተግበሪያ አንዲት ፊደል ሳይቀየር ሦስት ጊዜ ማቅረብ የቻለ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ የማለፍ ዕድሉ 87.5 በመቶ ነው።

የዚህ ትርጉም ከባድ ነው። በሚዋዥቅ በር ላይ ማለፍን የሚወስነው የሥራው ጥራት ሳይሆን ደጋግሞ የማንኳኳት አቅም ነው። ጠበቃና የተሟላ ቢሮ ያለው ኩባንያ ይደጋግማል። የአርሲ ነገሌዋ ተማሪ ግን ለአፕል በየዓመቱ 99 ዶላር፣ ለጉግል አንድ ጊዜ 25 ዶላር በውጭ ምንዛሪ መክፈል ይጠበቅባታል። ከመጀመሪያው መመለስ በኋላ ተስፋ ቆርጣ ብትተወው ማንም አያውቅም፤ በማንም ዘገባ ውስጥም አትቆጠርም።

የቋንቋ ዕዳ

ምርመራው በከፊል በኮምፒውተር እየተሠራ መምጣቱ ችግሩን ያቃልለዋል የሚል አስተሳሰብ አለ። ኮምፒውተር አይደክምምና የዘፈቀደው ስሕተት ይቀንሳል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚማረው ከምሳሌዎች ነው። በመለካት ሥራ እንደምናውቀው የአማካይ ስሕተት በናሙናው ብዛት ካሬ ሥር መጠን ይቀንሳል፤ ስሕተቱን ወደ አንድ አሥረኛ ለማውረድ ናሙናውን መቶ እጥፍ ማብዛት ያስፈልጋል። ተነጻጻሪው ጥብቅ ባይሆንም አቅጣጫውን ያሳያል። ለእንግሊዝኛ የተከማቸው ጽሑፍ ለአማርኛና ለአፋን ኦሮሞ ከተከማቸው ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ በእኛ ቋንቋዎች ጎጂውም ያመልጣል፣ ደኅናውም ይያዛል። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለአሜሪካ ሴኔት በሰጠችው ቃል ኩባንያው ከእንግሊዝኛ ውጪ ላሉ ቋንቋዎች የሚያደርገው ጥበቃ አነስተኛ መሆኑን ስትናገር ኢትዮጵያን በስም ጠርታ ነበር።

ሁለተኛው በር

መተግበሪያው መደብሩን ቢያልፍም የአገር ውስጥ መረብ የሚባል ሌላ በር ይጠብቀዋል። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሣው ውዝግብ በአርሲ ነገሌ ጎረቤት በሻሸመኔ የሰው ሕይወት ካስጠፋ በኋላ፣ ፌስቡክ፣ ሜሴንጀር፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በቀጥታ እንዳይከፈቱ ተደረገ። ገደቡ የተነሣው ከአምስት ወር በኋላ በሐምሌ ወር ነው። በእነዚያ ወራት ቪፒኤን የነበረው ሰው ገደቡን አልፎ ይጠቀም ነበር፤ የሌለው ተማሪ ግን በቴሌግራም የሚደርሰው የትምህርት ማስታወሻ ቀረበት። እዚህም ላይ ክልከላው የተመዘነው በይዘት ሳይሆን በተጠቃሚው አቅም ነው።

ሁለቱ በሮች አንዳንድ ጊዜ አንድ ይሆናሉ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 የቻይናን ሕግ በመጥቀስ የቪፒኤን መተግበሪያዎችን በዚያ አገር ካለው መደብሩ አንሥቷል። አንድ ብቻ የሆነ በር ለሌባ መከላከያ እንደሚመች ሁሉ ለመንግሥት ትእዛዝም ይመቻል።

ምን ይሻላል?

የዘፈቀደ ስሕተትን መቀነሻ መንገዶች በቤተ ሙከራ የታወቁ ናቸው፤ ለዚህም ያገለግላሉ። የመጀመሪያው መለኪያውን ማጥራት ነው፤ “ማበረታታት” የሚለውን ቃል በተፈቀዱና በተከለከሉ ምሳሌዎች ማስረዳት። ሁለተኛው የተመለሰበትን አንቀጽና የመተግበሪያውን የትኛው ገጽ እንደሆነ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ሦስተኛው ይግባኙን የመጀመሪያውን ፍርድ ባላወቀ ሌላ ሰው ማስመርመር ነው። አራተኛው የመርማሪዎቹን ስምምነት ለክቶ ይፋ ማድረግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ በሙሉ በሥራ ላይ ባዋለው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ይዘት ሲታገድ ምክንያቱ እንዲነገር ግዴታ አድርጓል። በሌላ ሕጉም ከመጋቢት 2024 ወዲህ አፕል በአባል አገሮች ውስጥ ሌሎች መደብሮችን እንዲፈቅድ አስገድዶታል።

አራተኛውን ነጥብ ተማሪዎች ራሳቸው በክፍል ውስጥ ሊሞክሩት ይችላሉ። የ50 መተግበሪያዎችን አጭር መግለጫ ጻፉ፤ አንድ የመመሪያ አንቀጽ ምረጡ፤ ሁለት ተማሪዎች ሳይመካከሩ “ይለፍ” ወይም “ይመለስ” ይበሉ። በ38ቱ ተስማሙ እንበል፤ 76 በመቶ ነው፤ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዳቸው 80 በመቶውን የሚያሳልፉ ከሆነ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢፈርዱ እንኳ 0.8 በ0.8 ሲደመር 0.2 በ0.2፣ ማለትም 68 በመቶ ይስማማሉ። ያኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበው ካፓ የተባለው መለኪያ ይህን የአጋጣሚ ስምምነት ይቀንሳል፤ 0.76 ሲቀነስ 0.68፣ ለ0.32 ሲካፈል 0.25 ይሆናል። ፍጹም ስምምነት 1፣ ጭፍን ስምምነት 0 ነውና 0.25 ደካማ መለኪያ ነው። ከዚያ በኋላ አንቀጹን በምሳሌዎች አብራሩና በሌሎች 50 መግለጫዎች ድገሙት። ካፓው ከፍ ካለ ጥፋቱ የመርማሪዎቹ ሳይሆን የአንቀጹ እንደነበረ ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለውን ቁጥር ከመደብሮቹ ለመጠየቅ የምንችለውም በመጀመሪያ ራሳችን መለካት ስናውቅ ነው።